ደብዳቤ፣ መንገደኛና ማለዳ፦ ለውትድርና ሥልጠና የሄደ ልጅ ወሬ በጎብዬ እንዴት ይጠበቅ ነበር?



በፎክሎር ጥናት ስለ መርዶ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ተዝካር ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ጽፌአለሁ። ዛሬ የማነሣው ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ያለውንና ሥርዓት ያልተበጀለትን ጊዜ ነው፤ ልጅ ለውትድርና ሥልጠና ከሄደ በኋላ ወላጅ ወሬ የሚጠብቅበትን ጊዜ። ማስረጃዬ በከፊል ከአደባባይ ታሪክ፣ በከፊል ከገዛ ቤቴ ነው። ከገዛ ቤት ማስረጃ ማምጣት ተመራማሪን እንደማያስመሰግን አውቃለሁ፤ ሆኖም ደብዳቤዎቹን ያነበብኳቸው እኔ ስለሆንኩ ሌላ ምስክር ልጠራ አልቻልኩም።

ጎብዬ በወልድያና በቆቦ መካከል፣ በራያ ቆላ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጎዳናው በአላማጣና በማይጨው አድርጎ መቀሌ፣ ከዚያም አልፎ አሥመራ ያደርሳል። ስለዚህ በዚህ መስመር ወደ ሰሜን የሚዘምት ሠራዊት በደጃችን ነበር የሚያልፈው። እንደ ማሽላውና እንደ ዝናቡ ሁሉ የመኪና ሰልፍ መቁጠርም የሕይወታችን ክፍል ነበር።

ከደርግ ዘመን ሁለት ምልመላዎችን ማስታወስ ይበቃል። የመጀመሪያው በ1969 ዓ.ም. «የእናት ሀገር ጥሪ» ተብሎ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሚሊሻ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው የታጠቅ ጦር ሠፈር የሠለጠነበት ነው፤ የሠፈሩ ስም ከአፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም ከ«አባ ታጠቅ» የመጣ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ሁለተኛው በ1975 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 236 የተደነገገው ብሔራዊ ውትድርና ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ በተጠባባቂነት ይመዘገባል። አዋጁ የተጻፈው በወራት ነበር፤ ወላጆችም እንደ አዋጁ በወራት ቆጠሩ። ጦርነቱ ግን በአዋጁ አቆጣጠር አልሄደም። «ስድስት ወር» የተባለው ሲያልቅ «ሁለት ዓመት» ተባለ፤ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ማንም ምንም አላለም።

ታላቅ ወንድሜ የሄደው በዚሁ በብሔራዊ ውትድርና ነው። እኔ ያን ጊዜ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከቤታችን ደብዳቤ አሳክቶ የሚያነብ እኔ ብቻ ስለነበርኩ የወንድሜ ወሬ ወደ እናቴ ጆሮ የሚደርሰው በእኔ አፍ ነበር።

በጎብዬ የወሬ መንገዶች ሦስት ነበሩ። ደብዳቤ አንዱ ነው፤ ፖስታው በመንገድ ዳር ባለ ሱቅ አድራሻ ይመጣል፣ ባለሱቁም ለባለቤቱ ያደርሳል። ሁለተኛው መንገደኛ ነው፦ ለፈቃድ የወጣ ወታደር፣ ሾፌር፣ ቁስለኛ። ሦስተኛው ሬዲዮ ነው። የመንግሥቱ ጣቢያ ድልን እንጂ ስም አይናገርም ነበር፤ የአማፅያኑ ጣቢያዎች የምርኮኛ ስም ያሰማሉ ይባል ስለነበር አንዳንድ ሰው በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። ስለ ሬዲዮው ከዚህ በላይ አልልም፤ ለእኛ ቤት ያመጣው ነገር አልነበረም።

በደብዳቤው ላይ ግን ልቆይ። የአማርኛ ደብዳቤ አከፋፈት የታወቀ ነው፦ «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።» መምህሮቻችን ይህን ባዶ ማሞቂያ ነው ይሉን ነበር። እናቴ ግን ከደብዳቤው የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሳነብላት «ደህና ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ታስቆመኛለች፤ ደግሜ አነባለሁ፤ የቀረውን እምብዛም አትሰማውም። ፊደል ባትቆጥርም የጽሕፈቱን መልክ ታውቀዋለች። ወንድሜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቢለይም ለመጻፍ እጁ አልተፍታታም ነበርና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደብዳቤዎች የጻፈለት አንድ ጓደኛው ነበር፤ ጽሕፈቱ ቀጥ ያለና ያማረ ነው። እናቴ ወረቀቱን ከእኔ ተቀብላ በጣቷ መስመሩን ትከተላለች።

ሦስተኛው ደብዳቤ የመጣው በሌላ እጅ ተጽፎ ነው። ፊደሉ የተንጋደደ፣ መስመሩ የሚወጣ የሚወርድ ነበር። «ከናፍቆታችሁ በስተቀር» የሚለውም የለበትም። እናቴ ገና ሳላነብላት «ይህ የእሱ አይደለም» አለች። «ሞቶ ነው፤ እንዳላዝን ሰው ጽፎልኝ ነው» ብላ ተቀመጠች። እኔ ግን ቀጥዬ አነበብኩ። መሐል ላይ «ቦራ ቀንበር ላይ እንዴት ሆነ? አሁንም ወደ ግራ ይጎትታል?» የሚል ነበረበት። ቦራ በሬያችን ነው፤ ወደ ግራ መጎተቱን ከቤታችን ውጭ ማን ያውቀዋል? ደብዳቤውን የጻፈው ወንድሜ ራሱ ነበር፤ በሠፈሩ ጓደኞቹ አስጠንተውት በገዛ እጁ የጻፈው የመጀመሪያው ነው። እናቴ ከሌሎቹ ሁሉ ያልተቀበለችውና በኋላ ከሌሎቹ ሁሉ ያስበለጠችው ይህን ነው። ስለ ደብዳቤ ይዘትና ቅርጽ በክፍል ውስጥ ሳስተምር ይህ ወረቀት ከፊቴ አይጠፋም።

አሁን ወደ ማለዳው ልምጣ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ማልዶ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘመድ ሰምቶ፣ ባለቤቱ ሳይሰማ በጎሕ ይደርሳሉ። ሥርዓቱ ጥበብ አለበት፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ያደርጋል። ጥበቡ ግን ወሬ ለሚጠብቅ ቤት ማለዳን ሁሉ አስፈሪ አደረገው። ጎረቤቶቻችን ይህን ስለተረዱ እሳት ለመጫር እንኳ በጠዋት ሲመጡ ገና ከሩቁ «ደህና ነው! ደህና ነው!» እያሉ ይጣሩ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ይህን ልማድ በመጽሐፍ ተጽፎ አላየሁም፤ ከናንተ መካከል በሌላ አካባቢ የሚያውቀው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

አሜሪካዊቷ ምሁር ፖሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች ካጠኑ በኋላ እርግጡ የማይታወቅ ማጣት ከሞት ሐዘን የተለየ መሆኑን አስረድተዋል፤ ሐዘኑ የሚጀምርበት ስለማይታወቅ የሚያልቅበትም የለውም። የጄኔቫው ቀይ መስቀልም ይህን ቀድሞ ተረድቶታል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ የምርኮኞችና የጠፉ ሰዎች ካርድ ያደራጀው ለዚህ ነው። የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለው ወረቀት ክፍት ሆኖ የሚሄድ፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ያ መምህሮቻችን የናቁት «ደህና ነኝ» ብቻውን በድንበር የሚያልፍበት ወረቀት ማለት ነው።

የወንድሜ የመጨረሻ ደብዳቤ የደረሰን በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት አፍአበት ላይ የናደው ዕዝ ተደመሰሰ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤም፣ መንገደኛም፣ መርዶም አልመጣም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ጎዳናው በተቃራኒው ሞላ። በመኪና ወደ ሰሜን የሄዱት በእግራቸው ወደ ደቡብ ይመለሱ ጀመር፤ ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። የጎብዬ ሴቶች ውሃና ቆሎ ይዘው መንገድ ዳር ወጡ። እናቴም ወጣች። ውሃውን ትሰጥና የወንድሜን ስምና የክፍሉን ቁጥር ትጠይቃለች፤ ቁጥሩን እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች። ጠጪው ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዳንዱ ላለማሳዘን «ከኋላ ይመጣል» ይላታል። እኔ አጠገቧ ቆሜ ማሰሮ እሞላ ነበር። ያን «ከኋላ ይመጣል» ያሉትን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ጠልቻቸዋለሁ፤ ዛሬ በእነሱ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም።

ካህኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዝካር እንድታወጣ መከሯት። «አርባውን ከየትኛው ቀን ልቁጠረው?» አለቻቸው። እሳቸውም ዳግመኛ አላነሡባትም። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችንም ስለ ሰደቃ አንሥታ ይህንኑ መልስ አገኘች። እናቴ ስታርፍ ደብዳቤዎቹን በነጠላ ጥለት ተጠቅልለው አገኘናቸው፤ የተንጋደደው ከላይ ነበር።

ዛሬ ስልክ አለ፣ ነገሩ ተለውጧል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እገምታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅቴ ልጅ ለመሠረታዊ ሥልጠና ገባ። ስልኩን ስላስረከበ ለሳምንታት ዝም አለ። እኅቴም የራሷን ስልክ ከእጇ ሳትለይ፣ በሌሊት እየተነሣች ባትሪውን እያየች ሰነበተች። አንድ እሑድ ከማይታወቅ ቁጥር ተደወለ፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው፣ ሰው ተራ ይጠብቃል» ብሎ ዘጋ። አንድ ደቂቃም አልሞላም። ሁላችን ደስ ሲለን እኅቴ ስልኩን እንደያዘች ዝም አለች። በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ «ድምፁ ጎርነን አላለብህም? እሱ ራሱ ነው ግን?» አለችኝ።