ስለ ቡልኮ አቋጫጭና ለገበያ አቀራረቡ

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መንገደኛው በዚህች አጭር ጉዞ ከስንዴው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ተራራው ግርጌ ሲጠጋ፣ አየሩ እንደ ተለወጠ በትከሻው ያውቀዋል። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ አምባ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በዚያ ገላጣ ሜዳ በበጋው ወራት ሌሊት ውሃው በረዶ ሆኖ ያድራል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራም ቁልቁል ይመለከተዋል። እንዲህ ባለ አገር የሚለበስ ነገር ለጌጥ ብቻ አይፈለግም። ስለዚህ በሮቤና በጎባ ገበያ ከማሩና ከስፌቱ ጐን ቡልኮ ተቆልሎ መታየቱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ቡልኮ የጋቢ ታላቅ ወንድም ነው ቢባል ያስኬዳል። ነጠላው ሁለት ፈርጅ፣ ጋቢው አራት ፈርጅ ሲሆን፣ ቡልኮ ክሩ ወፈር፣ ክብደቱም ጠና ብሎ የሚሠራ የጥጥ ልብስ ነው፤ ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይደረባል። በኦሮሞ ባህል ሽማግሌ ሲከበር፣ የተወደደም እንግዳ ሲሸኝ ቡልኮ ማልበስ የታወቀ ልማድ ስለሆነ፣ ገዢው ቡልኮን ለብርድ ብቻ አይገዛውም፤ ለክብርም ይገዛዋል። ለክብር የሚገዛ ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ጠርዝ አገላብጦ እንደሚያይ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው። ስለ ሽመናው ጥበብ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ሸማኔው ሥራውን ከዕቃው ላይ ቆርጦ ካወረደ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ግን እምብዛም አይነገርም። ጥጡ በደጋ ስለማይበቅል ከቆላ መጥቶ፣ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ድሩ ተደውሮ፣ ማጉ በመወርወሪያ ተወርውሮ ስንት ሰው ከደከመበት በኋላ፣ በመጨረሻይቱ ሰዓት በሚደረግ ቸልታ ዋጋው ሲወርድ ማየት ያሳዝናል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የገበያ ቀን በሮቤ ያየነውን እናውሳ። አንዲት ነጋዴ ሴት አምስት ስድስት ቡልኮ ደራርበው በማዳበሪያ ከረጢት ላይ አኑረዋል። ከሩቅ አገር የመጣ የሚመስል አንድ ገዢ ቀርቦ፣ «አዴ፣ እስኪ ከታች ያለውን ይዘርጉልኝ» አለ። ተዘረጋ። ሽመናው ጥብቅ፣ ፈትሉም እኩል ነበር። ነገር ግን የሁለቱ ክንፎች መገናኛ ስፌት ሲለካ ከሚገባው በላይ ላልቶ፣ የዳሩም ክር ሳይቋጭ ተንጨባርሮ ነበር። ገዢው ስለ ሽመናው አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር ጣቱን በስፌቱ ክፍተት ውስጥ አሳለፈና፣ «ይህ እኮ ገና አላለቀም» ብሎ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ጠራ። ሴትየዋ ሊከራከሩት ቢሞክሩም ልባቸው አልነበረበትም፤ የተናገረው እውነት እንደ ሆነ ያውቃሉና። በመጨረሻ ሸጡለት። በዚያች አንዲት ስፌት ምክንያት የጠፋው ገንዘብ ለሰፊ ቢከፈል ኖሮ ስንት ቡልኮ ያሰፋ ነበር!

እንግዲህ የመጨረሻው ሥራ ምን ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

የመጀመሪያው ውሃ ማስነካት ነው። የእጅ ፈትል ገና ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ የፋብሪካ ክር ግን አሰባሰቡ ሌላ ነው። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል በሆነበት ቡልኮ፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ባጠበው ቀን አንዱ ወገን ሲያጥር ሌላው ይጨማደድና ጥለቱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ክንፎቹ ከመጋጠማቸው በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ማደሩ ይበጃል። ሲሰጣም በአንድ ጠርዙ በገመድ ላይ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ የውሃው ክብደት ጐትቶ ቅርጹን ያበላሸዋል፤ በንጹሕ ሣር ላይ ተዘርግቶ ቢደርቅ ግን ፀሐዩ ያነጣዋል፣ ማዕዘኑም አይዛባም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ እንዶድ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። እናቶቻችን ነጭ ሸማ በእንዶድ ሲያጥቡ መኖራቸው የታወቀ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ከዚያም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስረዱ። ታላቁ የሳይንስ ግኝት ከሸማ አጠባ መነሣቱ፣ የልብስን ንጽሕና እንደ ተራ ነገር ለሚቈጥሩ ሰዎች ሁሉ መልካም ማስታወሻ ይሆናቸዋል።

ሁለተኛው ማጋጠም ነው። የእጅ ዕቃ የሚያወጣው ሸማ ስፋቱ ሸማኔው መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ከሚያሳልፍበት ርቀት ስለማይበልጥ፣ ሁለት ክንፍ ጐን ለጐን መጋጠሙ የግድ ነው። ብልህ ሰፊ ጠርዝን በጠርዝ ላይ አይደርብም፤ አፍ ለአፍ አጋጥሞ፣ በዚያው በቡልኮው ክር፣ ስፌቱን አቀራርቦ ይሰፋል። ሥራው ማማሩን ለማወቅ ሁለት መፈተኛ ይበቃል፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየትና በሁለት እጅ ይዞ ሳብ ማድረግ። ብርሃን ካላሳለፈና አፉን ካልከፈተ ደኅና ነው። በዳር በኩል ያለው ጥለትም ከሁለቱ ክንፎች ሲገናኝ በአንድ መሥመር መዋል ይገባዋል፤ የገዢ ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛው መቋጨት ነው። ይህ ሥራ በተለይ የሚንቀው ሰው ብዙ በመሆኑ ረዘም አድርገን ልንናገርለት ወደናል። ሸማኔው ሥራውን ሲቆርጥ ከድሩ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ያተርፋል። ያ ትርፍ ክር በቁጥር እኩል እኩል ሆኖ ይከፈላል፤ ሁለቱ ክፋዮች እያንዳንዳቸው ወደ ቀኝ ይከረራሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ተይዘው ወደ ግራ ይገመዳሉ። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋልና፣ ቁጭቱ ያለ ሙጫና ያለ መርፌ ዘመን ይቆያል። ቁጥሩ ካልተስተካከለ ግን አንዱ ቁጭት ወፍራም ሌላው ቀጭን ሆኖ፣ ጥርሱ እንደ ወላለቀ አፍ ያስቀይማል። ያልተቋጨ ቡልኮ ደግሞ በለበሱት ቁጥር ማጉ ከዳር እየተሾለከ ይሄዳል። «ነገሩ ተቋጨ» የምንለው አነጋገር ከዚሁ ሥራ ጋር በአንድ ቃል መጠራቱን ስናስብ፣ ያልተቋጨ ልብስ ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣ ነጋዴ ያላለቀ ነገር ይዞ እንደ ወጣ በገዛ ቋንቋው ይመሰክርበታል ማለት ነው።

ስለ ማስቀመጥ ብዙ አንልም። ጢስ ባለበት ቤት የተቀመጠ ቡልኮ ሽታውን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ሳይደርቅ የታጠፈም ይሻግታል። ዝናቡ ብዙ በሆነበት በባሌ ደጋ ይህ የዘወትር ችግር ነው።

አሁን ወደ ማሳየቱ እንለፍ። ሥራን ጨርሶ ማቅረብና አሳምሮ ማሳየት ለአንዲት ትንሽ ከተማ ምን ያህል ንግድ እንደሚያመጣ ለማስረዳት፣ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ብንጠቅስ አንባቢዎቻችን አይቀየሙንም። በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት ፓዱካ የምትባል፣ ሕዝቧ ከ30,000 የማይበልጥ ከተማ አለች። የዚያ አገር ሰዎች ኲልት የሚሉትን ብርድ ልብስ በእጃቸው ይሠራሉ፤ ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ በሥርዓት ተጋጥሞ፣ ከመካከል ባዘቶ፣ ከታች ገበር ሆኖ ሦስቱ ፈርጅ አንድ ላይ ይሰፋል። ሲያዩት ለእኛ ዐይን ድሪቶ ይመስላል፤ አክብሮቱ ግን የቡልኮን ያህል ነው። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 የኲልት ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ትርዒት ተደረገ፤ በ1991 ሙዚየም ተከፈተ፤ በ2013ም ዩኔስኮ ከተማይቱን ከዕደ ጥበብ ከተሞች ተርታ መዘገባት። በትርዒቱ ሳምንት ከየአገሩ የሚመጣው እንግዳ ሆቴሉን፣ ምግብ ቤቱን፣ የክርና የጨርቅ ሱቁን ሁሉ ይሞላዋል።

እኛን ይበልጥ የሳበን የዳኞቹ አመለካከት ነው። ዳኞች ከሥዕሉና ከቀለሙ ሌላ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን፣ የዳሩ ቅምቅማት እስከ ጫፉ መሙላቱን፣ የተንጠለጠለ ክር አለመኖሩን፣ ሲሰቀልም ሳይወላገድ መውረዱን ይመረምራሉ። ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሴቶች በየሥራው አጠገብ ቆመው፣ ተመልካች ጀርባውን ለማየት ሲፈልግ ጠርዙን ገለጥ አድርገው ያሳዩታል። በጀርባው የላይኛ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጨርቅ ከረጢት ይሰፋበትና በትር ይገባበታል፤ ከዚህ የተነሣ ሥራው ሳይበሳና ሳይጐተት ቀጥ ብሎ ይሰቀላል። በዚያው በጀርባው የሠሪው ስም የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ይለጠፋል።

ይህን ከእኛ ገበያ ጋር ስናስተያየው፣ በክምር የሚሸጥ ቡልኮ ገዢው ጥለቱን የሚያየው በሦስት ጣት ስፋት ብቻ ነው። ከላይ ያለው ይሸጣል፤ ከታች ያለው እየተጨማደደ ይቈያል። አንዱ እንኳ ተሰቅሎ ቢታይ የሌሎቹ አምባሳደር ይሆን ነበር። ባዛር ሲደረግም የባህል ልብስ ነጋዴዎች ልብሱን በሚስማር ላይ ሲሰቅሉት አይተናል፤ ሚስማሩ የሚበሳው ግን ጥለቱን ነው።

ስም ስለ መጻፍ የተነሣው ነገር በእኛ አገር ከንግድ የሚያልፍ ትርጉም አለው። ሸማኔ ለብዙ ዘመን በሙያው ሲሰደብ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም፣ ሸማኔው ግን አሁንም ስም የለውም፤ ፈታይዋማ ፈጽሞ አትታወስም። በቡልኮው ጥግ የሸማኔውና የፈታይዋ ስም በትንሽ ጨርቅ ላይ ተጽፎ ቢሰፋ፣ ገዢው ያንኑ እጅ ፍለጋ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። ያ ሸማኔም ስሙ ያለበትን ሥራ አላልቶ እንደማይሰጥ እናምናለን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ተፎካካሪው ስለ በረታ ነው። የአገራችንን ጥለት በማተሚያ መኪና አስመስሎ የሚሠራ ጨርቅ ከውጭ በርካሽ እየገባ የሸማኔዎችን ገበያ መሻማቱ የታወቀ ነው። ከውጭ የሚመጣው የሰው ሠራሽ ክር ብርድ ልብስም እንዲሁ ነው። በዋጋ ከእነርሱ ጋር መወዳደር የእጅ ሥራ አይችልም፤ በጥራትና በእውነተኛነት ግን ይችላል። ገዢው የተጠራጠረ እንደ ሆነ፣ ነጋዴው ከቁጭቱ ጫፍ አንዲት ክር ቆርጦ እሳት ያስነካት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ክር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደነድናል። ይህን በገዢ ፊት ለማድረግ የማይፈራ ነጋዴ ዋጋውንም ሳይፈራ ይጠራል።

ገዢ ደግሞ አልጠፋም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የአካባቢው ስም በዓለም ይበልጥ ታውቋል፤ በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ሰሞንም ከልዩ ልዩ አገር ወላጆች ወደ ሮቤ ይመጣሉ። እነዚህ ሰዎች ከባሌ ይዘውት የሚመለሱትን ነገር ይፈልጋሉ፤ ማር ይገዛሉ፣ ማር ግን ይበላና ያልቃል።

ስለዚህ በሚመጣው ባዛር ለመሳተፍ ላሰበ ነጋዴ የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ከሪራ በኩል የሚመጣ አንድ ቀጥ ያለ ቀርከሃ ይግዛ፤ የቡልኮውን ክር እንዳይመዝዝበት በአሸዋ ወረቀት ያለስልሰው። ከሁሉ የተዋጣለትን ቡልኮ መርጦ፣ በጀርባው የላይኛ ጠርዝ የአቡጀዲ ከረጢት በሰፋፊ ስፌት ያያይዝበትና ቀርከሃውን ያስገባ። ቁጭቱ መሬት እንዳይነካ ከፍ አድርጎ፣ ፀሐይ በጐን በኩል በምትመታበት ቦታ ይስቀለው፤ የጎን ብርሃን የፈትሉን ውፍረት ያሳያልና። ቡልኮው በተሸጠ ጊዜ ከረጢቱ ተፈትቶ ለሚቀጥለው ይሆናል።