የቃጠሎ ቁስልና ነርቭ

የጋለ ምጣድ የነካ ጣት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲታይ፣ ምጣዱ ያረፈበት ቦታ ብቻ አይደለም የሚቀላው፤ ሙቀቱ ያልደረሰበት ዙሪያውም ይቀላል። ይህን ሰፋ ያለ መቅላት የሚያመጣው ነርቭ ነው። ነርቭን ብዙዎቻችን የምናውቀው ሕመም በማድረሱ ነው። የተቃጠለ ቆዳ ሲድን ግን ከዚያ የሚበልጥ ሥራ አለው፤ ጥገናውን ያስጀምራል፣ ያግዛል፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ያውካል።

ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች እስከ ላይኛው የቆዳ ሽፋን ድረስ ይዘልቃሉ። በእነዚህ ጫፎች ላይ ሙቀት 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የሚከፈት ፕሮቲን አለ። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው አወቁት፤ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ይኸው ፕሮቲን በቃሪያና በሚጥሚጣ ውስጥ ባለው ካፕሳይሲን በተባለ ንጥረ ነገርም ይከፈታል። ሚጥሚጣ አፍን እንደ እሳት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ፕሮቲኑ ሲከፈት የሚነሳው ምልክት ወደ አከርካሪ ብቻ አይሄድም። መንገድ ላይ በዚያው ነርቭ ቅርንጫፎች በኩል ተመልሶ ወደ ቆዳ ይወርዳል፤ እዚያም ጫፎቹ ሰብስታንስ ፒና መሰል ኬሚካሎችን ይለቃሉ። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይወጣል፣ ቦታው ያብጣል፣ ከበሽታ የሚከላከሉ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። ሰብስታንስ ፒ ከዚህም አልፎ የቆዳ ሕዋሳት እንዲራቡና አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ይገፋፋል።

ነርቭ ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚያክሙ ሐኪሞች ጠንቅቀው ያውቁታል። የበሽታው ባክቴሪያ ነርቭን ስለሚጎዳ፣ እጁ የደነዘዘ ሰው የጋለ ድስት አንስቶ ሲቃጠል አይሰማውም። ሕመም ስለሌለው ቁስሉን አያሳርፈውም፤ ይሠራበታል፣ እግሩ ላይ ከሆነም ይረግጠዋል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። የስኳር ሕመምተኞች እግር ላይ የሚወጣው ቁስል አልድን የሚለውም ከደም ዝውውር ችግር ጋር ተደርቦ ነርቭ በመጎዳቱ ነው።

በጥልቅ ቃጠሎ ደግሞ እሳቱ የነርቭ ጫፎቹን ራሳቸውን ያጠፋቸዋል። ስለዚህ የቁስሉ መሐል ላያም ይችላል፤ ጠርዙ ግን ያቃጥላል። «አያመኝም» ማለት «ቀላል ነው» ማለት አይደለም፤ ነጭ ወይም የጠቆረና የማያም ቃጠሎ ፈጥኖ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ቁስሉ እየጠገገ ሲሄድ ነርቮች ከዳርና ከሥር እንደገና ይበቅላሉ፤ ስሜት የሚመለሰውም ቀስ በቀስ ነው። እዚህ ላይ የሚመጣው ፈተና ማሳከክ ነው። ለማሳከኩም አስተዋጽኦ የሚያደርገው ሰብስታንስ ፒ በወፍራም ጠባሳ ውስጥ ከወትሮው በዝቶ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። በቃጠሎ የተጎዳ ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ የሚያድረው አመል ስለያዘው አይደለም፤ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው።

ሰፊ ቃጠሎ ሲደርስ መላው የነርቭ ሥርዓት ይነሳል። አድሬናሊንና መሰሎቹ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከልክ በላይ ይፈስሳሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ይከሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪው ዴቪድ ሄርንደንና ባልደረቦቹ ከ40 በመቶ በላይ የሰውነት ቆዳቸው የተቃጠለ ሕፃናትን አጠኑ፤ የአድሬናሊንን ሥራ የሚያግደው ፕሮፕራኖሎል የልብ ምታቸውን እንዳረጋጋና የጡንቻ መመናመኑን እንደቀለበሰ አሳዩ።

የአእምሮ ጭንቀትም ቁስል ዘንድ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዋ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን በሚያስታምሙ ሴቶች ክንድ ላይ 3.5 ሚሊሜትር የምታህል ቁስል አበጁ። ቁስሉ ለመዳን፣ ተመሳሳይ ቁስል ከተበጀባቸው አስታማሚ ያልሆኑ ሴቶች ይልቅ 24 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ያ ቁስል የቃጠሎ አልነበረም፤ ነገር ግን በጭንቀት ጊዜ የሚበዙት ኮርቲዞልና አድሬናሊን በማንኛውም የቆዳ ጥገና ላይ እጃቸው አለበት።

ስለዚህ ለተቃጠለ ሰው በጊዜ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ፣ በቂ እንቅልፍና የሚያጽናና አስታማሚ ከቅባቱና ከፋሻው ተነጥለው የሚታዩ አይደሉም። ሐኪሙ ቁስሉን ባየ ቁጥር «ያምሃል? ያሳክክሃል? ትተኛለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቆዳውን ከሚጠግነው ነርቭ ጋር አብሮ እየሠራ ነው።