ያውቁ ኖሯል? ማታ ማታ ለምን ይርበናል

(የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኪሎ ለመቀነስ ብሎ ቀኑን ሙሉ አፉን ይዞ የዋለ ሰው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ድስት የሚከፍተው ቆራጥነት ስላነሰው ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ፍራንክ ሺር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ 12 ጤነኛ ሰዎችን ለ13 ቀናት ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ላብራቶሪ አቆዩ። የመኝታና የምግብ ሰዓታቸውን ከውጭው ቀንና ሌሊት ጋር እንዳይገጥም አድርገው በየጊዜው «ምን ያህል ራባችሁ?» እያሉ ጠየቁ። በ2013 የታተመው ውጤት በእኛ ሰዓት ሲነገር ይጥማል፦ ረሃብ ዝቅ የሚለው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ጣሪያ የሚነካው ማታ 2 ሰዓት። የበሉትና የተኙት ሰዓት ያመጣው ልዩነት ከሂሳቡ ከወጣ በኋላም ውጤቱ ይኸው ነው። ጣፋጭ፣ ጨው ያለበትና ስታርች የበዛበት ምግብ ይበልጥ የሚያምረውም በዚያው በምሽቱ ሰዓት ነው።

«ጠዋት ምግብ አያሰኘኝም» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል። ችግሩ ያልበሉት ቁርስ ማታ ረሃብ ሆኖ ሊመለስ መቻሉ ነው።

ለመሆኑ ቁርስ ያከሳል? እስራኤል ውስጥ በዳንዬላ ያኩቦቪች የተመራ ጥናት (2013) ሁለት የሴቶች ቡድን እኩል 1,400 ካሎሪ በቀን እየበላ 12 ሳምንት እንዲቆይ አደረገ። አንደኛው ቡድን ግማሹን፣ 700ውን፣ በቁርስ በላ፤ ሌላው ያንኑ በእራት። የቁርሶቹ ይበልጥ ቀነሱ። በ2022 ከስኮትላንድ፣ ከአበርዲን የወጣው ጥናት ግን ምግባቸው ተለክቶ በተሰጣቸው 30 ሰዎች ላይ የክብደት ልዩነት አላገኘም። ያገኘው የረሃብ ልዩነት ነው፤ ጠዋት በርከት አድርገው ሲበሉ ቀኑን ያሳለፉት ብዙም ሳይርባቸው ነው። እኔ የማምነው ይህን ሁለተኛውን ነው። ቁርስ ስብ አያቀልጥም፤ የማታውን ረሃብ ግን ያለዝባል። ለዚህ ደግሞ ከሻይና ዳቦ ይልቅ እንቁላል፣ ፉል ወይም በባቄላ የተሠራ ሌላ ነገር ይሻላል፤ ፕሮቲንና አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ ሆድ ውስጥ ይቆያልና።

ያንኑ ምግብ 4 ሰዓት አዘግይቶ መብላት ብቻውን ረሃብን እንደሚጨምር ያውቁ ኖሯል? የሺር ቡድን በ2022 ውፍረት ባላቸው 16 ሰዎች ላይ ሞክሮታል። ዘግይተው ሲበሉ ይበልጥ ራባቸው፣ «ጠግበናል» የሚለውን መልእክት የሚያደርሰው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ቀነሰ፣ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ካሎሪም አነሰ። የታክሲ ሰልፍ ተሰልፎ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ቤቱ ለሚደርስ የአዲስ አበባ ሠራተኛ «በጊዜ ይብሉ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። 11 ሰዓት ላይ ከቢሮ ሲወጡ የሚቀመስ ነገር ቦርሳ ውስጥ መያዝ ግን ይቻላል።

ሌፕቲንን በ1994 ያገኘው ኒው ዮርክ የሚገኘው የጄፍሪ ፍሪድማን ቤተ ሙከራ ነው። የሚመረተው ስብ ውስጥ ነው። «ራበኝ» የሚያሰኘው ግሬሊን ደግሞ በ1999 በጃፓኖቹ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ ተገኘ፤ በብዛት የሚወጣው ከጨጓራ ነው።

ከዚያ በፊትስ? በ1912 ዎልተር ካነን የተባሉ የሃርቫርድ ሳይንቲስት ያወጡት ጥናት ላይ፣ ተማሪያቸው ዎሽበርን ፊኛ ውጦ ጨጓራው ሲኮማተር ከረሃብ ስሜቱ ጋር እየተነጻጸረ ተለካ። ለሳይንስ ሲባል የማይዋጥ ነገር የለም።

ግሬሊን የለመዱትን የምግብ ሰዓት ጠብቆ ከፍ እንደሚል፣ ባይበሉም እንኳ ተመልሶ እንደሚወርድ ያውቁ ኖሯል? ይህን ለጿሚ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚቆይም፣ ረመዳንን የሚጾምም፣ ረሃብ መጥቶ እንደሚሄድ ከማንም በላይ ያውቃል። ከእራት በኋላ ድንገት «የሆነ ነገር አማረኝ» ሲሉ ትንሽ መታገስ የሚመከረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቆሎ እንምጣ። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው እየቆረጠሙ «ቆሎ እኮ ነው» የሚሉት የሽምብራ ቆሎ በ100 ግራም ከ350 ካሎሪ በላይ ይይዛል። ያው ሽምብራ ንፍሮ ሲሆን በ100 ግራም 160 ገደማ ነው። ሽምብራው ያው ነው፤ ልዩነቱ የጠጣው ውሃ ነው። ውሃው ሆድ ይሞላል፣ ካሎሪ የለውም፤ አሰሩና ፕሮቲኑም አብረውት አሉ። ማታ ነክረው ያሳደሩት ሽምብራና ስንዴ ጠዋት ከተቀቀለ፣ ማታ ሲገቡ ጨው ነስነስ አድርጎ በቃሪያ መቅመስ ነው። ስኒ ሙሉ ንፍሮ በልቶ እራት የቀረበ ሰው እንጀራው ላይ እንደ ተራበ ሰው አይወርድበትም። ቆሎ መጥፎ ነው አላልኩም፤ እንደ ንፍሮ ከተዘገነ ግን ከእራት ያላነሰ ነው።

ውሃ ከምግብ ጋር ተቀቅሎ ሲገባና በብርጭቆ ለብቻው ሲጠጣ እኩል እንደማያጠግብስ ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊቷ ባርባራ ሮልስ በ1999 ባሳተሙት ሙከራ 24 ሴቶች ከምሳ በፊት ያንኑ የዶሮና የሩዝ ምግብ አንዴ በደረቁ፣ አንዴ ውሃ በብርጭቆ ጨምረው፣ አንዴ ያው ውሃ ገብቶበት ሾርባ ሆኖ በሉ። ከዚያ በኋላ የበሉትን ምሳ የቀነሰላቸው ሾርባው ብቻ ነው። በኢፍጣር ሰዓት ሾርባውን ማስቀደም ብልሃት ነው። ሳምቡሳው ላይ አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ።

«ድንች ያወፍራል» የሚባለው ድንች፣ በ1995 ሲድኒ ውስጥ ሱዛና ሆልት በማጥገብ አቅም ካወዳደሯቸው 38 ምግቦች አንደኛ ወጥቷል። ነጭ ዳቦ 100 ነጥብ ሲሰጠው ቅቅል ድንች 323 አገኘ፤ መጨረሻ የወጣው ክሮሳንት 47። ቅቅል ነው ያልኩት፤ ችብስ አላልኩም።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። በጾም ኪሎ ጨመርኩ የሚል ሰው ሽሮው ላይ የፈሰሰውን ዘይት በማንኪያ ለክቶ ይየው።

ሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ መተኛት በ12 ወጣት ወንዶች ላይ ሌፕቲንን በ18 በመቶ ቀንሶ ግሬሊንን በ28 በመቶ ከፍ አድርጓል (ቺካጎ፣ 2004)። ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ እስከ ሌሊት ማፍጠጥ በማግስቱ ምሽት ድስት ያስከፍታል ማለት ነው። ፈንዲሻው ግን በደሉ ትንሽ ነው፤ ዘይትና ስኳር ካልገባበት ሦስት ስኒ ሙሉው 100 ካሎሪ አይደርስም።

ኪሎ በቀነሱ ቁጥር ረሃቡ እንደሚብስ ያውቁ ኖሯል? ይህን ማንም አስቀድሞ ስለማይነግራቸው ብዙዎች ሦስተኛው ወር ላይ «እኔ አልረባም» ብለው ይተዉታል። የተመራማሪው የኬቨን ሆል ቡድን በ2016 እንዳሰላው፣ በሚቀንሰው በእያንዳንዱ ኪሎ የመብላት ፍላጎት በቀን 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ሰውነት የሚያቃጥለው ደግሞ በኪሎ ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቀንሳል። ከአውስትራሊያ የወጣ የ2011 ጥናትም የረሃብ ሆርሞኖች ኪሎ ከተቀነሰ ከዓመት በኋላም ወደ ቦታቸው አለመመለሳቸውን አሳይቷል።

ሌሊት እየነቁ መብላትና ጠዋት ጨርሶ ምግብ መጥላት ሲደጋገም ሕመም ሊሆን ይችላል፤ አልበርት ስታንካርድ የተባሉ ሐኪም በ1955 ጽፈውበታል። ሐኪም ማማከር እንጂ መሸማቀቅ አያሻውም። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም ሐኪሙን ሳይጠይቅ እራት መዝለል የለበትም፤ ሌሊት ስኳሩ ሊወርድ ይችላል።

ሰው ከሰው ጋር ሲበላ ብቻውን ከሚበላው እንደሚበልጥ በተደጋጋሚ ታይቷል። እኛ ዘንድ ትሪው የጋራ ስለሆነ የማን ድርሻ የት ላይ እንዳለቀ አይታወቅም፤ ቢራው ከቀደመ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል። ዳይት ላይ ነኝ ያለ እንግዳ ጉርሻ ተዘርግቶለት «በሞቴ!» ከተባለ፣ ምን ይመልሳል?