አካል ጉዳተኞች ልጆች ራሳቸው ስለሚጫወቱበት የሣቅና የዜማ ቴአትር

ሣቅ ኹለት ዐይነት ነው። አንደኛው በሰው ላይ የሚሣቅ ነው፤ ኹለተኛው ከሰው ጋራ የሚሣቅ ነው። የመዠመሪያው ልብን ያቈስላል፤ ኹለተኛው ልብን ይጠግናል። አካሉ የተጐዳ ልጅ የመዠመሪያውን ሣቅ ከሕፃንነቱ አንሥቶ በመንገድና በወንዝ ዳር ያውቀዋል፤ ኹለተኛውን ግን ሳያገኝ የሚያድገው ብዙ ነው። አሥቂኝ ተጫዋቾችና ባለ ዜማዎች ከአካል ጉዳተኞች ልጆች ጋራ የሚጫወቱት ቴአትር ዋና ጥቅሙ ይህን ኹለተኛ ሣቅ ለልጁ ማስገኘት ነው።

ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን የሚከቡ ከተሞች ናቸው። ሰበታ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ በገፈርሳ ውሃ አጠገብ፥ ሱሉልታም በስተ ሰሜን ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋራ በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። በእነዚህም ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት መንደሮች፥ እንደ ሌላው አገር ኹሉ፥ ዐይናቸው የማያይ፥ ጆሯቸው የማይሰማ፥ እግራቸው የማይጸና፥ ወይም አእምሯቸው ቀስ ብሎ የሚያድግ ልጆች አሉ። ሰበታ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ዘመን ዠምሮ ዐይነ ስውራን ልጆች ፊደልን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ስላለባት በዚህ ረገድ ስሟ የታወቀ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በየመንደሩ አይገኝም፤ አንዳንድ ወላጆችም ስለ ሐፍረት ወይም የሰውን መሣለቂያ ስለ መፍራት ልጃቸውን በጓዳ ያስቀምጡታል። በጓዳ የተቀመጠ ልጅ ጨዋታ አያውቅም፤ ጨዋታ የማያውቅ ልጅም ጓደኛ አያገኝም።

ይህ ቴአትር ከተለመደው የሚለየው ተመልካች ብቻ ኾኖ የሚቀመጥ ሰው የሌለበት በመኾኑ ነው። መጋረጃና ከፍ ያለ መድረክ አያስፈልገውም። ተጫዋቾቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ልጆቹም በክብ ይቀመጣሉ፤ ልጁ የሚያደርገው ነገር ጨዋታውን ይመራዋል። ይህም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ በቆመ ጊዜ ከተቀመጡት አንዱ ተቀበል ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። እንግዲህ ስንኙን የሰጠው ሰው ሰሚ መኾኑ ቀርቶ የዘፈኑ ባለቤት ኾነ ማለት ነው።

በውጭ አገር ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ኾኗል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 በሎንዶን የተመሠረተው ኦይሊ ካርት የተባለው ቡድን ከባድ ጉዳት ላለባቸው ልጆች በመዳሰስ፥ በማሽተትና በመስማት የሚከተሉትን ቴአትር አዘጋጅቷል። በ1986 ደግሞ በኒው ዮርክ የቢግ አፕል ሰርከስ አሥቂኝ ተጫዋቾች የታመሙ ልጆችን በሆስፒታል መጐብኘት ዠመሩ። በአዲስ አበባም የፍካት ሰርከስ ተጫዋቾች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለተኙ ልጆች እንዲህ ያለውን ጨዋታ አቅርበዋል። እነዚህ ሰዎች በልምድ ያገኙት ጥበብ ለገጠር ትምህርት ቤትም የሚጠቅም ነው።

ፈረንጆች ክላውን የሚሉት አሥቂኝ ተጫዋች ሥራው አለማወቅን ማሳየት ነው። ባርኔጣው በራሱ ላይ ሳለ ጠፋብኝ ብሎ ይፈልገዋል፤ ጫማውን በእጁ ያጠልቃል። ልጆቹም ያርሙታል። በዚህ ጊዜ ዘወትር የሚታገዘው ልጅ አጋዥ፥ ዘወትር የሚታረመው ልጅ አራሚ ይኾናል። በእግሩ መሄድ ለማይችል ልጅም ከበሮ ይሰጠዋል። ልጁ ሲመታ ተጫዋቹ ይራመዳል፤ ሲያቆም ተጫዋቹ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀጥ ይላል። ልጁም ትልቁን ሰው በከበሮው እንደሚያዘው ባወቀ ጊዜ ይሥቃል። የጨዋታው ምስጢር ይህ ነው።

ጨዋታውም እንደ ልጁ ጉዳት ይለያያል። ለዐይነ ስውር ልጅ ተጫዋቹ በእግሩ ቃጭል ያስራል፤ ልጁ በድምፁ የት እንዳለ ያውቃልና። ጨዋታው ሳይዠመርም ልብሱንና ባርኔጣውን ያስዳስሰዋል። መስማት ለተሳነው ልጅ የከበሮው መንቀጥቀጥ በእጅ እንዲሰማው እጁን ከከበሮው አካል ላይ ያስቀምጡለታል፤ ንግግሩም በምልክት ቋንቋና በፊት ገጽታ ይኾናል። አእምሮው ቀስ ብሎ ለሚያድግ ልጅ አንዱን ነገር ደጋግሞ ማሳየትና መልሱን በትዕግሥት መጠበቅ ይገባል፤ የልጁ መልስ የጣት መነቃነቅ ብቻ ሊኾን ይችላልና። ድምፅ የሚያስደነግጠው ልጅ ቢኖር ከከበሮ ይልቅ ዋሽንት ይሻለዋል፤ ሲሰለቸውም ወጣ ብሎ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ስፍራ ይዘጋጅለታል። በመካከሉ የያንዳንዱ ልጅ ስም በዜማ ይጠራል፤ ስሙን በስድብ ተለውጦ ሲሰማ የኖረ ልጅ በዜማ ሲጠራ ክብሩን ያውቃል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። ከበሮ ባይገኝ ባዶ ቆርቆሮ፥ ቃጭል ባይገኝ ጠጠር የገባበት ቅል ይበቃል። መምህሩ ግን ሦስት ነገር ይጠንቀቅ። መዠመሪያ፥ ማንም ተጫዋች የልጁን አነጋገር ወይም አካሄድ እየቀዳ አያሥቅ፤ ይህ በጨዋታ ስም መሣለቅ ነው። ኹለተኛ፥ የማይፈልገውን ልጅ በግድ አያስገባ። ሦስተኛ፥ ጤናሞቹን ልጆች ለብቻ አያስቀምጥ፤ አብረው በአንድ ክብ ይግቡ። ትናንት ከጓደኛቸው ጋራ የሣቁ ልጆች ነገ በመንገድ ሲያገኙት በእርሱ ላይ ለመሣቅ ያፍራሉና።

ጨዋታ ለእነዚህ ልጆች በችሮታ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ አካል ጉዳተኞች ልጆች በትምህርት ቤት ጭምር ከሌሎች ልጆች ጋራ በእኩልነት የመጫወት ዕድል እንዲያገኙ ያዛል፤ ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ተቀብላዋለች።

ነገር ግን የአንድ ቀን ሣቅ ብቻውን አይበቃም። ልጁን ከጓዳ ያወጣው ከበሮ ወደ ትምህርት ቤት ካላደረሰው ተመልሶ ወደ ጓዳው ይገባል። ስለዚህ ጨዋታው ባለቀ ጊዜ መምህሩ ወላጆቹን አነጋግሮ የልጁን ስም በመዝገብ ይጻፍ፤ በማግሥቱም ያንኑ የስም ዜማ በክፍሉ ያሰማ። በዜማ የተጠራ ልጅ በመዝገብም መጠራት ይገባዋል።