በዛፎች መካከል የሚገኝ የዲስክ ጎልፍ ሜዳና የአፈር መጠቅጠቅ

ዲስክ ጎልፍ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዲስክ እየወረወሩ፣ ሰንሰለት ከተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ በጥቂት ውርወራ ለማሳረፍ የሚደረግ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ ተብሎ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 በኤድ ሄድሪክ ንድፍ በካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ ፓርክ የተዘረጋው ነው። ሜዳው እንደ መደበኛው ጎልፍ ሰፊ የሣር ምንጣፍ ስለማይሻ፣ በዛፍ የተሸፈኑ የሕዝብ መናፈሻዎች ተመራጭ ሆነዋል።

በገላጣ መሬት አርቆ የሚወረውር ይጠቀማል፤ በዛፎች መካከል ግን ጠባቡን መተላለፊያ መጠበቅ ይበልጣል። ተጫዋቹ ዲስኩ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደየት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

የስሕተቱን ዋጋ በከፊል የሚከፍለው ዛፉ ነው። ዲስክ ደጋግሞ የመታው ግንድ ይላጣል፤ ቁስሉም ለፈንገስና ለነፍሳት በር ይከፍታል። ይህ በዓይን ስለሚታይ ብዙ ይወራለታል፤ የባሰው ግን ከእግር በታች ያለው ነው። በመወርወሪያውና በቅርጫቱ ዙሪያ ዘወትር የሚረገጥ አፈር ይጠቀጠቃል፤ አየርና ውኃ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎችም ይጠባሉ። አብዛኞቹ መጋቢ ሥሮች በላይኛው የአፈር ንጣፍ ስለሚገኙ ይታፈናሉ። በተዳፋት ላይ ደግሞ ያልሰረገው የዝናብ ውኃ አፈሩን ጠርጎ ሥሩን ያራቁታል።

የጨዋታው ደንብ ተጫዋቹ መንገዱን ለማመቻቸት ቅርንጫፍ እንዳይሰብር ይከለክላል፤ ስለ እግር ጫና ግን የሚያስበው የሜዳው ነዳፊ ነው። የተለመዱት እርምጃዎች የተፈጨ እንጨት ማልበስና ቅርጫቱን በየጊዜው ማዛወር ናቸው። ማዛወሩ የተረገጠውን አፈር ቢያሳርፍም ሌላ መሬት ስለሚያስረግጥ፣ ተለዋጭ ቦታዎቹ ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ውጭ አስቀድመው ሊመረጡ ይገባል።