በባሕር ውስጥ ስለሚሰማው የቤተ ሰብ ድምፅ

ሰው በጨለማ ሳለ የእናቱን ድምፅ ከሌላው ድምፅ ለይቶ እንደሚያውቅ ሁሉ፤ በባሕርም እንዲሁ በድምፅ የሚተዋወቅ ቤተ ሰብ አለ።

በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛትና በካናዳ ወሰን መካከል ባለው ባሕር ኦርካ የሚባሉ ታላላቅ እንስሶች ይኖራሉ። ብዙ ሰው ዓሣ ነባሪ ይላቸዋል እንጂ ወገናቸው ከዶልፊን ነው። ልጅ ወንድም ቢሆን ሴትም ብትሆን ዕድሜውን ሁሉ ከእናቱ ወገን አይለይም፤ እያንዳንዱም ነገድ የራሱ አጠራር ስላለው፤ ታናናሾቹ ይህን ከታላላቆቹ ይማራሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. ታሌኳ የተባለች እናት የሞተባትን ግልገል 17 ቀን ተሸክማ በመዞርዋ፤ ወሬውን የሰማ ሁሉ አዘነ። በ2024 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቈጠራ የእነዚህ ነገዶች አባላት ቍጥር 73 ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ኦርካ ምግቡ የሆነውን ሳልመን የተባለ ዓሣ የሚያገኘው ድምፅ ሰድዶ የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። ስለዚህ ሊያዩት የሚመጡ ሰዎች የጀልባቸው ሞተር ጩኸት ምግቡን ይሰውርበታል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ የዋሽንግተን ሕግ ጀልባ ሁሉ ከ900 ሜትር በላይ እንዲርቅላቸው ያዛል።

ታዲያ ሳይቀርቡ እንዴት ይታያሉ? ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፤ ኦርካሳውንድ የተባለው ማኅበር ሃይድሮፎን የሚባል የውሃ ውስጥ ማዳመጫ ከዳርቻው አጠገብ አኑሮአል። ሌሊትና ቀን ሲያዳምጥ የሚኖር ሰው ስለማይገኝ፤ ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ያግዛል። ድምፁ አስቀድሞ ወደ ሥዕል ይለወጣል፤ ቀጥሎም ሰዎች «ይህ ኦርካ ነው፤ ይህ ሞተር ነው» እያሉ ብዙ ምሳሌ ሲያሳዩት፤ ፊደል እንደሚለይ ተማሪ መለየትን ይለምዳል። ነገር ግን ሊሳሳት ስለሚችል፤ ዐዋቂ ሰው መርምሮ ሲያረጋግጥለት ነው ወሬው ለሚፈልጉት የሚላከው። ዝም ብሎ የሚያልፈውን ኦርካ ግን ማዳመጫው አያገኘውም።

ወሬው የደረሰው ሰው ጀልባ ሳያስነሣ፤ ልጆቹን ይዞ በሳን ዋን ደሴት ላይም ኪልን በሚባለው ዳርቻ ቆሞ ሲያልፉ ለማየት ይችላል።

መልካም እንግዳ ከደጅ ቆሞ ድምፅ ያሰማል እንጂ፤ ቤተ ሰብ በማዕድ ላይ ሳለ በጩኸት አይገባም። ልጆቻችንም ፍጥረትን ማየት ሲወዱ፤ አስቀድመው ማዳመጥን ይማሩ ዘንድ ይገባል።