የድምፅ ተሰኪዎችን የግንባታ ሥርዓት ማደራጀት፦ የኤልቪ2 ጥቅል እንደ አብነት

የድምፅ ማቀናበሪያ ተሰኪ፣ በተለምዶ ፕለጊን የሚባለው፣ ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም። እንደ አርዶር ወይም ሪፐር ያለ አስተናጋጅ ፕሮግራም ከዲስክ አንሥቶ በራሱ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚያስገባው የተጠናቀረ ኮድ ነው። ተሰኪዎችን በተለየ ፕሮሰስ ማስኬድ ከሚችሉት አስተናጋጆች በቀር፣ ተሰኪው ሲወድቅ አስተናጋጁም አብሮ ይወድቃል፤ ያልተቀመጠ ቀረጻ ካለም ይጠፋል። በሲግናል ሂደት ላይ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አልጎሪዝሙን ለሙዚቀኞችና ለሌሎች ተመራማሪዎች በተሰኪ መልክ ሲያቀርብ፣ ኮዱ በምን ኮምፓይለር፣ በየትኛው ማሽን ላይ፣ ከየትኞቹ ላይብረሪዎች ጋር እንደሚገነባ የመወሰኑን ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ለመጨረሻው ሳምንት ይተወዋል። ከዚህ በታች እንደሚታየው ግን የግንባታ ሥርዓቱ የጥናቱን ውጤት ራሱን ሊለውጥ ይችላል።

ከታወቁት የተሰኪ ቅርጾች መካከል የስታይንበርግ ቪኤስቲ3፣ የአፕል ኦዲዮ ዩኒት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ክላፕ፣ እንዲሁም በሊኑክስ ዘንድ የተለመደው ኤልቪ2 ይገኙበታል። እዚህ ኤልቪ2ን የመረጥነው አወቃቀሩ ግልጽና ነጻ ስለሆነ ነው። የኤልቪ2 ጥቅል አንድ ማውጫ ነው። በውስጡ የተጠናቀረው የጋራ ላይብረሪ፣ ማኒፌስት የሚባለው የመግለጫ ፋይልና ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የመግለጫ ፋይሎች ይቀመጣሉ፤ መግለጫዎቹ ተርትል በሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ የተጻፉ ናቸው። አስተናጋጁ የተሰኪውን ስም፣ የመግቢያና መውጫ በሮቹን፣ የመቆጣጠሪያዎቹንም ወሰን ኮዱን ሳይጭን ከመግለጫው ያነባል። በዚህም ምክንያት አንድ ብልሹ ተሰኪ የተሰኪዎችን ፍለጋ አያቋርጥም።

ይህ ጥቅም ግን ዋጋ አለው፤ አንዱ እውነት በሁለት ቦታ ይጻፋል። በሲ ኮዱ ውስጥ ሦስተኛው በር የድምፅ መውጫ ሆኖ ሳለ መግለጫው መቆጣጠሪያ ነው ቢል፣ አስተናጋጁ ለአንድ ቁጥር ብቻ የሚበቃ ቦታ ይሰጣል፤ ተሰኪው ደግሞ በዚያ ላይ ብዙ መቶ ናሙናዎችን ይጽፋል። ስሕተቱን ኮምፓይለሩ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ የበሮቹ ዝርዝር በአንድ ምንጭ ተጽፎ፣ የሲ ራስጌ ፋይሉንም ሆነ የተርትል መግለጫውን የግንባታ ሥርዓቱ ከዚያው እንዲያመነጭ ማድረግ ይመረጣል።

የመለያው ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እያንዳንዱ የኤልቪ2 ተሰኪ ዩአርአይ በሚባል መለያ ይታወቃል፤ ተጠቃሚው ያስቀመጠው ሥራ ተመልሶ ሲከፈት ተሰኪው የሚፈለገው በዚሁ መለያ ነው። የክራርን ድምፅ ወደ ተመረጠ ቅኝት የሚያስተካክል ተሰኪ ቢኖርና ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከ0 እስከ 3 ባሉ ቁጥሮች ቢለይ፣ በቀጣዩ ሥሪት ቅደም ተከተሉ ተለውጦ አምባሰል ከባቲ ቢቀድም፣ ትናንት በባቲ የተቀመጠው ሥራ ዛሬ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ በአምባሰል ይከፈታል። እንዲህ ያለ የማይጣጣም ለውጥ አዲስ መለያ ይጠይቃል። በቀድሞው ሥሪት የተቀመጠ ሥራ ከምንጭ ኮዱ ጋር ተይዞ በየግንባታው ቢፈተን ችግሩ ለተጠቃሚው ከመድረሱ በፊት ይጋለጣል።

ለግንባታው ሲሜክ ወይም ሜሶን ቢመረጥ ልዩነቱ የጎላ አይደለም፤ የኤልቪ2 ፕሮጀክት ራሱ ከዋፍ ወደ ሜሶን ተዛውሯል። ዋናው ነገር ተሰኪው እንደ ተራ ላይብረሪ ሳይሆን በሥራ ወቅት እንደሚጫን ሞጁል መታወጁ፣ የሚታቀፉት ስታቲክ ላይብረሪዎችም ከቦታ ነጻ በሆነ ኮድ መጠናቀራቸው ነው። ከዚህ ሌላ የሲምቦሎች ታይታ በነባሪነት ተሰውሮ፣ አስተናጋጁ የሚፈልገው የመግቢያ ተግባር ብቻ ለውጭ መታየት አለበት። ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሲ++ የተጻፉ አንዳንድ የቴምፕሌትና የኢንላይን ተለዋዋጮች በሊኑክስ ላይ በመላው ፕሮሰስ አንድ ብቻ እንዲሆኑ ምልክት ይደረግባቸዋል። የአንድን ላይብረሪ ሁለት ሥሪቶች የያዙ ሁለት ተሰኪዎች ጎን ለጎን ሲጫኑ፣ አንዱ የሌላውን ተለዋዋጭ ሊጠቀም ይችላል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው፤ እያንዳንዱ ተሰኪ ብቻውን ሲፈተን ጤነኛ ነውና።

ለተመራማሪው ከሁሉ የከፋው ግን የተንሳፋፊ ነጥብ ስሌት ጉዳይ ይመስለኛል። የማስተጋቢያ ድምፅ ቀስ በቀስ እየከሰመ ሲሄድ ቁጥሮቹ ከ10 ሲቀነስ 38ኛ ርቢ አካባቢ በታች ይወርዳሉ፤ ብዙ ማቀናበሪያዎች እነዚህን ንዑስ ቁጥሮች የሚያሰሉት በጣም በዝግታ ነው። ይህን ለማስቀረትና ፍጥነት ለማግኘት ብዙዎች የኮምፓይለሩን «ፈጣን ሒሳብ» አማራጭ ያበራሉ። ከጂሲሲ 13 በፊት በነበሩት ሥሪቶች ይህ አማራጭ በማገናኘት ደረጃ ሲሰጥ፣ በላይብረሪው ውስጥ አንድ ትንሽ የማስነሻ ኮድ ይጨመር ነበር። ላይብረሪው በተጫነ ቅጽበት ይህ ኮድ የጫነውን ትሬድ የስሌት ሁኔታ ይለውጣል፤ ከዚያ ትሬድ በኋላ የሚወለዱትም ይወርሱታል። እንግዲህ የአንዱ ተማሪ ተሰኪ በመጫኑ ብቻ የሌላው ተማሪ መለኪያ ንዑስ ቁጥሮችን ወደ ዜሮ እየጣለ ሊያሰላ ይችላል፤ ውጤቱም የሚለያየው ማን ቀድሞ እንደተጫነ በመመልከት ይሆናል። በአዲሶቹ ሥሪቶች ይህ ቢታረምም ሌላው አደጋ አልቀረም፦ አማራጩ «ቁጥር ያልሆነ» እሴት ፈጽሞ አይኖርም ብሎ ስለሚነሣ፣ ይህንኑ ለመጠበቅ የተጻፈውን ፍተሻ ኮምፓይለሩ ሊያስወግደው ይችላል። እንዲህ ያለ እሴት አንድ ጊዜ ወደ መልሶ መጋቢ ማጣሪያ ከገባ ማጣሪያው እስኪጸዳ ድረስ አይወጣም። የተሻለው መንገድ አማራጩን መተው፣ በስሌት ተግባሩ መጀመሪያ ላይ የንዑስ ቁጥር አያያዙን መለወጥና ሲያበቃ ወደ ነበረበት መመለስ ነው።

ቀሪው የስርጭት ጉዳይ ነው። በኡቡንቱ 22.04 ላይ የተገነባና ትሬድ የሚፈጥር ተሰኪ በኡቡንቱ 20.04 ላይ አይጫንም፤ የመጀመሪያው ጂሊብሲ 2.35ን፣ ሁለተኛው 2.31ን ስለሚይዙና የትሬድ ተግባራቱ በ2.34 አዲስ የሥሪት ምልክት ስለተሰጣቸው። የተገላቢጦሹ ግን ይሠራል። ስለዚህ ግንባታው መካሄድ ያለበት በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን፣ ሊደገፍ የታሰበውን እጅግ አሮጌ ሥርዓት በያዘ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። በዚያው ኮንቴይነር የመግለጫ ፋይሎቹ በኤልቪ2 ማረጋገጫ መሣሪያ ይመረመራሉ፤ ከዚያም ተሰኪው በ44,100 እና በ96,000 ኸርዝ፣ እንዲሁም መጠኑ በየጊዜው በሚለዋወጥ የድምፅ ቋት እየተጫነ ይራገፋል። ያው ኮድ በቪኤስቲ3 መልክም የሚወጣ ከሆነ ፕለጊንቫል የተባለው መፈተኛ ከ1 እስከ 10 ባለው የጥብቅነት ደረጃው ቢያንስ በ5 ሊያልፈው ይገባል።